የሻምበል ሳጥን

ባለፈው ቅዳሜ ጎባ ልጄ ቤት ስሄድ የልጅ ልጄ ክፍሏ ውስጥ የኤሊዋን ሳጥን ስታጸዳ አገኘኋት። ጓንት አጥልቃለች። «አባባ፣ እማዬ ይሸታል ትላለች፤ ይሸታል እንዴ?» ብላ ሳጥኑን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ሳቄ መጣ።

ሮቤ ሥራ ስጀምር ወንደላጤ ነበርኩ። አዴ ፋጡማ የሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የማዋራው ሰው የለኝም። አንድ ጓደኛዬ ከጊኒር በታች ካለው ቆላ ሲመለስ ኤሊ አመጣልኝ። «ሻምበል» አልኩት፤ አረማመዱ የሹም ነዋ!

አዴ ፋጡማ ሲያዩት ጮኹ። «ያ ረቢ! ቆጫ፣ ኤሊ በእኔ ቤት? ወላሂ፣ አንድ ቀን ከሸተተኝ ውጭ ነው የምጥለው!»

እልህ ያዘኝ። ጠዋት ጠዋት የሻምበልን ጭድ እቀይራለሁ፣ የውሃ ሳህኑን አጥባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥኑን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጌ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ከዚያ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። የራሴን አንሶላ መቼ እንዳጠብኩ ግን አትጠይቁኝ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አዴ ፋጡማ በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። «አላልኩህም? አሁኑኑ አውጣልኝ!»

ክው አልኩ። ከሻምበል ሌላ ማን አለኝ? «አዴ፣ ዛሬ ጠዋት ነው ያጸዳሁት። እስቲ እርስዎ ራስዎ ያሽቱት» ብዬ ለመንኳቸው።

ሳጥኑን አሸተቱ። ሻምበልንም አንስተው አሸተቱት። ግራ ገባቸው። ከዚያ አፍንጫቸውን ተከትለው አልጋዬ ሥር ገቡና በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጎትተው አወጡ። ከጎሮ ገበያ ገዝተው «አንጥረህ ብላ» ብለው የሰጡኝ ለጋ ቅቤ ነበር። ማንጠር የት አውቄ! መጠየቁ አሳፍሮኝ እዚያው ወሽቄው ረስቼዋለሁ።

«ቅቤዬን!» አሉ። ሻምበልን እቅፍ አደረጉት። «ይሄ ንጹሕ ነው፣ እኔ ጋ ይሆናል። የምትወጣው አንተ ነህ!»

አላስወጡኝም። በማግስቱ ድስት አስጥደው ቅቤ ማንጠር አስተማሩኝ። ሻምበልን ግን አልመለሱልኝም፤ ሳጥኑን እንዳጸዳ ብቻ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ማታ ማታ ግን በኦሮምኛ የቀኑን ወሬ ሁሉ ሲያወሩት እየሰማሁ ንዴቴ ለቀቀኝ። ለካ እሳቸውም ብቻቸውን ኖረዋል።

«አባባ፣ ይሸታል ወይስ አይሸትም?» አለች የልጅ ልጄ።

«ሳጥኑስ ንጹሕ ነው» አልኳትና ወገቤን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩ። የአልጋዋን ሥር ለማየት።