ጣሳ የተደፋበት ብልቃጥ

አጎቴን የማስታውሳቸው በአፍንጫቸው ነው። ከሁምቦ ሶዶ ወዳለው ቤታችን ሲመጡ፣ ገና ሰላም ሳይሉን የቡታጋዙን ሲሊንደር ያሸቱ ነበር። ዘግተነዋል ብንላቸው አንድም ቀን አምነውን አያውቁም።

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ በብልቃጥ ያመጣሁትን ጥቁር ዱቄት አሳየኋቸው። ከከሰል የሠራነው ነው፤ ከተቀላቀሉ ጋዞች አንዱን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል አልኳቸው።

«የያዘውን እንደማይለቅ በምን አወቅሽ?»

«ሲሞቅማ ይለቃል። ይሄኛው ግን ጋዝ የለበትም።»

«የለበትም የምትዪው አንቺ ነሽ» አሉና ብልቃጡን በረንዳ ላይ አውጥተው ጣሳ ደፉበት።

ከቀብራቸው መልስ ጣሳውን አነሳሁት። ብልቃጡ እዚያው አለ። ጋዝ እንደሌለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ጣሳውን መልሼ ደፋሁበት፤ ከዚያም ገብቼ ሲሊንደሩን አሸተትኩ።