ኦቦ ገመዳ ጋ የማይዘጋው ፕሮግራም

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን ሳይቀር ማስታወሴ ባለፈው ሳምንት ራሴን ገረመኝ። አብራኝ የምትሠራ ወጣት ኮምፒዩተሯ ዘገየባትና አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ስትጫን አየሁ። ጣቷ የኔን የድሮ ጣት መሰለኝ፤ አምቦ ትዝ አለችኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ እዚያ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነበር። የመምህራን ማኅደር የሚታይበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሀገረ ሕይወት» የሚል፣ በአምቦ የድሮ ስም የተቀረጸ ማኅተም ያለበት አሮጌ ወረቀት ሳይቀር ሁሉንም ስካን አድርገን፣ ዋናውን በጆንያ አስረን ግምጃ ቤት ከተትነው። ከዚያ ወዲያ የማንም ፋይል የሚገኘው በኔ ፕሮግራም ብቻ ሆነ። ገጾቹን የሚያሳየው ግን ፕሮግራሙ ራሱ አልነበረም፤ ሌሎች የሠሩትን የሰነድ ማሳያ በመስኮቱ ውስጥ አስገብቼ ነበር። እንደ ተከራይ ቁጠሩት፤ ቤቱ የኔ፣ ጠባዩ የሱ።

ያን ረቡዕ መምህር ቶሌራ ከካቺሲ መጡ። ነሐሴ ስለነበር ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እዚያ አስተምረዋል፤ ባለቤታቸው ግን አምቦ ታመው ተኝተዋል። የዝውውር ኮሚቴው በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸው ታትሞ ካልቀረበ ጉዳያቸው ለከርሞ ይተላለፋል። ውጤቱ ያለው በሦስተኛው ሰነድ ላይ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚደረሰው የፊተኞቹን ሁለት አልፎ ነው፤ እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፣ «ቀጣይ» የሚለውን ተጫንኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለና ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ጠፋ።

እንደገና ከፈትኩ፤ እንደገና ጠፋ። ማሳያውን ነቅዬ አዲስ ጫንኩ። ገጾቹ ከብደውት ይሆን ብዬ መጠናቸውን አየሁ። ዓይን አፋር ነኝና ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ብዬ ሰውየውን አላየኋቸውም። ለምሳ ስወጣ በሩ ላይ የበቆሎ ጥብስ ይዘው ቆመዋል። ለሁለት ሰብረው ግማሹን አቀበሉኝ።

«ብዪ እንጂ» አሉኝ። «እኔ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ማሽኑ ግማሽ ቀን መጠበቅ አቅቶት ነው?»

በቆሎው ትኩስ ነበር፤ ይዤው ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ኦቦ ገመዳ ከለቅሶ ተመለሱ። ፕሮግራሙ እኛ ሁላችን ጋ ሲዘጋ እሳቸው ጋ አይዘጋም፤ ማሽንም ሽማግሌ ያከብራል እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን እንደ ቀልድ ነበር የማየው። ያን ዕለት ግን ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

አንዲት መምህርት ገቡ። ኦቦ ገመዳ ማኅደራቸውን ከፈቱና ማውሱን ለቀቁት። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። «አከም ኦልተን? ነጋ ዳ?» እንዴት ዋሉ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ከብቱ፣ ቀጥሎ ዝናቡ። ተመልሰው ሲቀመጡ ገጹ ቁልጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። «ቀጣይ»ን አንዴ ተጭነው ደግሞ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሰላምታ»።

ሁልጊዜ ሰነዱን ከፍተው ነው የሚነሡት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ማውስ ይዞ ሰው ሰላም ይባላል?» አሉኝ። «አንቺ ነሽ እንጂ ሰው ሲመጣ ማሽኑ ውስጥ የምትደበቂው፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። ፊቴ ጋለ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ በዚያው ማሽን ላይ የመምህር ቶሌራን ማኅደር በኔ አከፋፈት፣ ቶሎ ቶሎ ሞከርኩት። ጠፋ። ማሽኑ ማንንም አላከበረም ማለት ነው። ማሳያው የመጀመሪያውን ሰነድ ገልጦ ሳይጨርስ ሁለተኛውን አምጣ እለው ነበር። ቀስ ብዬ ልሞክረው ስል መብራት ሄደ፤ እስከ ሥራ መውጫም አልመጣ።

እርማቱ ቀላል ነበር፤ ሰነዱ ተከፍቶ እስኪያልቅ «ቀጣይ» የሚለው እንዳይታዘዝ ማድረግ። ባለፈው ሳምንት ለዚያች ወጣት ይህን ነገርኳት። ያልነገርኳት ሌላ አለ፤ እስከዚያ የጠረጠርኩት ማሽኑን፣ ገጹን፣ ማሳያውን ነበር። ከሰው ፊት ለመሸሽ የምትጣደፈውን የራሴን እጅ ለመጠርጠር ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ታነብበው ይሆናል።

በማግሥቱ መብራት የመጣው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ፕሮግራሙን ለማረም ጊዜ የለም። የመጀመሪያውን ሰነድ ከፈትኩ። ዝም ብዬ ብቀመጥ እጄ እንደማይታገሥ ስለማውቅ ተነሣሁና መምህር ቶሌራን በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከዚያች ጠረጴዛ የለቀምኩት ነው።

«አከም ቡልተን? ነጋ ዳ? ሎን ነጋ ዳ?»

«ከብት እንኳን የለኝም» አሉ እየሳቁ።

ዞር ስል ገጹ ተከፍቷል። «ቀጣይ»ን አንዴ ተጫንኩና ስለ ካቺሲ መንገድ ጠየቅኳቸው። ሁለተኛውም ተከፈተ። ሦስተኛውን አዝዤ ስለ ባለቤታቸው ልጠይቅ ስል ኦሮምኛው አለቀብኝ፤ በአማርኛ ባለቤትዎ እንዴት አደሩ አልኳቸው። ሌሊቱን ትንሽ ሾርባ እንደቀመሱ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ እንደነቁ፣ ዝውውሩ ተሳካ ወይ እያሉ ደጋግመው እንደጠየቁ ይነግሩኝ ጀመር። ፊታቸውን እያየሁ አዳመጥኩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ከፍቶልሻል እኮ» አሉ ኦቦ ገመዳ ከጎኔ።

ማየቱን አየሁት። መምህር ቶሌራ ነግረውኝ እስኪጨርሱ ጠበቅኩና አተምኩት።