ከነሰዎቹ የገዛሁት ቤት

ከአሊዩ አምባ የወጣነው ገና ሳይነጋ፣ የሱብሂ ሶላት ሳይሰገድ ነው። እናቴ መቃኑን ይዛ ቆማ፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በማላውቀው ብርድ አልሞትም» አለች። እህቴ ዘሃራ ከእሷ ጋር ቀረች። ባሌ አህመድ ሸማኔ ነው፤ የሽመና ዕቃውን በበቅሎዋ ጫነ፤ እኔ የሠርጌን ጌጥ፣ አምባሩንም ድሪውንም፣ በመቀነቴ ቋጠርኩ። በገበያው በኩል ስናልፍ በጦርነቱ የተቃጠሉት ሱቆች አመድ ገና ይሸት ነበር። ጥጥ መምጣቱን አቁሟል፣ በቅሎ ያገኘ ወታደር ይቀማል፤ ታዲያ ሸማኔ ምን ሠርቶ ይበላል? ደብረ ብርሃን ጣሊያን ስለሰፈረበት ገበያ አለ ሲሉ ሰማን። ጥቂት ወራት ሠርተን እንመለሳለን ብለን ነው የወጣነው። እንዲህ ሳይል የተሰደደ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ስደት ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ደብረ ብርሃን የሁለት ቀን መንገድ ናት፤ ቋንቋው አንድ፣ አገሩ አንድ። ግን እኛ ከወጣን በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ከላይ ወታደሩ፣ ከጫካው አርበኛው፤ በመሀል ያለ ፈቃድ ወረቀት የተገኘ ሰው በሁለቱም ወገን ዘንድ ሰላይ ነው። ባሕር የተሻገረ እንኳ ደብዳቤ ይልካል፤ እኔ እናቴ በልታ ማደሯን የምሰማበት አጣሁ።

ደግሞ ብርዱ! የመጀመሪያው ጠዋት ከደጅ ካሳደርኩት ገንቦ ውሃ ልቀዳ ብል ላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኘሁ። ሰው ሰብሮ የጣለብኝ መስሎኝ አህመድን ጠራሁት። ሁለታችንም እየነካካን ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን እኔ አለቀስኩ። የእኛ ማሽላ የለም፣ ሎሚ የለም፤ ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ እንጨቱ እንኳ ኩበት ነው። ሰዉ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ስለሚያወራ ይቆጣኝ ይሳቅልኝ መለየት ተሳነኝ። አህመድ ጥጡን ትቶ ከበግ ጸጉር ባና መሥራት ለመደ። የደጋ ሰው ያለ ባና አይተኛምና ሥራው አላነሰንም፤ ያነሰን ቤት ነበር። በሰው ጓዳ ሁለት ክረምት አሳለፍን።

አንድ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ቤቱን እንደሚሸጥ ሰማንና ሄድን። በአንድ ክዳን ሥር ሁለት ቤት፣ መሀሉ ግድግዳ፤ አንዱን እንኖርበታለን፣ አንዱን እናከራያለን ብዬ ከሩቅ ሳየው ወደድኩት።

«ቤቱ የሚሸጠው ከነሰዎቹ ነው» አለ ነጋዴው።

«ሰው ይሸጣል እንዴ?» አልኩት።

«ሰዎቹ አይሸጡም። ግን አይወጡም።»

ያን የመሰለ ቤት በርካሽ የሰጠን ለዚህ ነበር። ጌጤና በቅሎዋ ሄዱ፤ በሽማግሌ ፊት ተዋዋልን።

በቀኙ ቤት አቶ ገብሬ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ለጣሊያን ካምፕ ነው የሚጋግረው፤ ምድጃውን «ፉርኖ» ይለዋል። እንዲለቅልን ስንጠይቀው ማኅተም ያለበት ወረቀት ከግድግዳው አውርዶ አሳየን። «ማንበብ ትችላላችሁ?» አለ። አንችልም አልነው። «እኔም አልችልም። ግን ያየው ወታደር ሁሉ ሰላምታ ይሰጠዋል» ብሎ መልሶ ሰቀለው።

በግራው ቤት እማማ በላይነሽ ነበሩ፤ የአንኮበር ሰው፣ ቀጭን አሮጊት። ቤቱን መግዛቴን ስነግራቸው መጥረጊያቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ይባረክልሽ ልጄ። እኔ ግን አልወጣም» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ «ልጄ ደምሴ ጫካ ነው። ሲለየኝ እዚህ ነው የተወኝ፤ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው። ሌላ ቤት ብገባ የት ብሎ ያገኘኛል?»

እናቴ እዚያው የቆመችበት መቃን ላይ በዓይኔ መጣችብኝ። አህመድ ወዲያ ዞረ። ማታውን መሀል ላይ ባና ጋረድንና ከእሳቸው ጋር ገባን፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ሥጋችን ስለማይገናኝ ድስታችን ሁለት፣ እሳታችን አንድ ሆነ። እሳቸው ሲጾሙ እኔ ሽሮ እሠራለሁ፤ እኔ ረመዳን ስይዝ እሳቸው ውሃ እንኳ ፊቴ አይጠጡም ነበር።

ቤቱ ግን ሊወድቅብን ነው። ክዳኑ ያፈሳል፣ ምሰሶው ከሥሩ በስብሷል፣ የአቶ ገብሬ ፉርኖ የመሀሉን ግድግዳ ሰንጥቆታል። የሸማኔ እጅ ክር እንጂ ጭቃ አያውቅም፤ አህመድ የለሰነው ግድግዳ በማግስቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ አገኘነው። እማማ በላይነሽ ሳቁና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡበት። «ጭዱ እስኪበሰብስ ሳይቦካ ጭቃ አይሆንም፤ የዚህ ፀሐይ እንደ እናንተ አገር አይቸኩልም» እያሉ አስተማሩን። ክረምት ሳይገባ ክዳኑን ለወጥን፣ ምሰሶውን ተካን። የዚያን ሰሞን ሳይታወቀኝ የአገሬ ናፍቆት ትንሽ ቀለል ብሎልኝ ነበር፤ ቤት የሚሠራ ሰው ሐሳቡ እጁ ላይ ነውና።

ሥራው ሲያልቅ የካምፑ ሹም ሊያይ መጣ፣ ከአስተርጓሚ ጋር። ዙሪያውን ዞሮ ጠየቀኝ።

«በር ስንት ነው ይላል።»

«ሦስት። ሁለት ከፊት፣ አንድ ከጓሮ በእማማ በኩል።»

«የጓሮው ወዴት ያወጣል ይላል።»

«ወደ ገደሉ።»

«ወደ ገደል ማን ይሄዳል ይላል።»

«አመድ የሚደፋ ሰው።»

«ሽፍታስ አይገባበትም ወይ ይላል።»

«ሽፍታ እስካሁን አንኳኩቶ አያውቅም፣ ጌታዬ።»

አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉም ዋጠው። የታዘዘው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የጓሮው በር በድንጋይ እንዲደፈን ነው፤ አለዚያ ቤቱ ይፈርሳል። ሰውየው ሊሄድ ሲል ድፍረት መጣብኝና ፔርሜሶ ለመንኩ፤ ፈቃድ ማለት ነው።

«የት ልትሄጂ ይላል።»

«አሊዩ አምባ፣ እናቴን ላይ።»

«ታማለች ወይ ይላል።»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የምሄደው።»

«ካልታመመች ፈቃድ የለም። ከታመመች ማስረጃ አምጪ ይላል።»

«እሺ፣ ማስረጃውን ላመጣ ልሂድ?»

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሹሙ ለምን እንደሚስቅ ጠየቀው፤ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ፈቃዱን ግን አላገኘሁም።

በሩን ልንደፍን በተነሣንበት ቀን እማማ በላይነሽ ደፉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ። አህመድ ድንጋዩን ታቅፎ ቆሞ ቀረ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገደሉ ማዶ ጉም ነበር።

«የፊቱን በር እኔ እከፍትለታለሁ እማማ» አልኳቸው።

«በካምፑ ፊት አልፎ? አርበኛ መሆኑን ከሩቅ ያውቁታል፤ ልጄን አንድ ቀን አይተሽው ቢሆን እንዲህ አትይም።»

«ቤቱን ያፈርሱታል። ቤቱ ከፈረሰ ደምሴ ምን በር ይቀርለታል?»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና፣ «ልስኑን እኔ ልለስን» አሉ። ድንጋዩን አህመድ ደረደረ፤ ጭቃውን እሳቸው በመዳፋቸው መረጉት፣ እንደ ሕፃን ፊት እየዳበሱ። የዚያኑ ዕለት መኝታቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ከዚያ ወዲህ፣ ልጃቸው ቢያንኳኳ እንዲሰሙት፣ በቤታችን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። አንድ ንጋት የጎረቤት ፍየል ቀንዷን ግድግዳው ላይ ስታሽ፣ «መጣሁ ልጄ! ዞረህ ግባ!» ብለው ብድግ አሉ። ፍየሏን ያየኋት እኔ ነኝ። አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው በጋ ገበያ ውስጥ ፈቃድ አግኝቶ ከታች፣ ከአገሬ የመጣ አንድ የጨው ነጋዴ አገኘሁ። በመጠኑም ቢሆን ያውቀኛል። «አላህ ይዘንላት። የእናትሽን ሶደቃ እኮ በልቼአለሁ፤ እህትሽ ሰዉን በደንብ አስተናገደች» አለኝ። የሰማሁ መስሎት ነው። እኔም እንዳላሳፍረው፣ «አሚን፣ ጀዛከላህ» ብዬ ቲማቲም ይሁን ሽንኩርት የማላስታውሰውን ገዝቼ ቤት ደረስኩ። ከሞተች አራት ወር አልፏት ነበር። አራት ወር ሙሉ በየሶላቱ ጤናዋን ስለምንላት ኖሬአለሁ። እማማ በላይነሽ ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሡም። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቴን እየደባበሱ፣ «አንቺስ ቁርጡን አወቅሽ» አሉኝ።

ጣሊያን የወጣ ሳምንት አህመድ የጓሮውን በር በመጥረቢያ ጀርባ ከፈተው። ደምሴ ግን የመጣው በቀትር፣ በዋናው መንገድ፣ በፊት በር ነው። ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወርዷል፤ የአንድ እግሩን ጣቶች ብርድ በልቷቸዋል። «እናቴ እዚህ ናት?» አለኝ። ከውስጥ፣ «ማነው?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ እያለቀሱ ወጡ።

በስድስተኛው ቀን ወደ አንኮበር ሊወስዳቸው ተነሣ። ምንም ቢደረግ አልወጣም ያሉት ሴት ዕቃቸውን በአንድ አገልግል ጠቅልለው ጨረሱ። ልሸኛቸው ጎረቤላን አልፌ አንኮበር ድረስ ሄድኩ። ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ቤታቸው ክዳኑ ወድቆ ግድግዳው ቆሟል፤ ገና ሳይቀመጡ ጭድ አምጡ ማለት ጀመሩ።

በማግስቱ ወደ አንኮበር ገደል አፋፍ ወጣሁ። ከታች አሊዩ አምባ ጉብታዋ ላይ ትታያለች። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዉ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየሁ መሰለኝ። ሙቀቱ እንኳ ወደ ላይ ይነፍሳል። እንግዲህ ዘሃራ እዚያ አለች፣ ቤታችንም አለ። አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ቁልቁል ሊወርድ መጣ።

«ሸማኔው አህመድን ታውቃለህ? የሚስቱን እህት ዘሃራን?» አልኩት።

«አውቃታለሁ።»

«እህትሽ ዘይነባ እዚህ ድረስ መጥታ ነበር በልልኝ።»

አህያውን አቁሞ አየኝ። «ከዚህ ወዲያ እኮ ቁልቁለት ነው። ከኔ ጋር ለምን አትወርጂም?»

እናቴ በሌለችበት ደጅ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም ልለው ነበር።

«ነገ አዲስ ተከራይ ይገባብኛል፤ መመለስ አለብኝ» አልኩት።

ሰውየው አመነኝ፤ አህያውን መታ አድርጎ ወረደ። እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት። አዲስ ተከራይ የሚባል ግን አልነበረኝም።