የዋንጫው ሸራ

ሰፈሩ «እስቲ ልየው» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ሰው በር ላይ ቆማ መጀመሪያ የምትለው እሱኑ ነው። ሥራዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ታላቁ የእግር ኳስ ዋንጫ እዚህ ከተካሄደ ወዲህ ሰፈሩ ምን ምን እንደሆነ በፎቶና በድምፅ እየሰበሰበች ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ማኅደር ታኖራለች። ሥራዋን ትወዳለች። ወሬ መውደድ ደመወዝ የሚያስገኝበት ቦታ ሌላ የት አለ?

ዋንጫው ሲመጣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ቤቶች ለእንግዳ ዓይን አይመጥኑም ተብሎ በአዲሱ መንገድ ዳር ረጅም ሸራ ተወጠረ። ሸራው ላይ የታተመው ደግሞ የሚስቁ የሰፈሩ ሰዎች ፎቶ ነው። ሰዎቹን ደብቆ ፎቷቸውን ማሳየት! ይህን ያሰበው ሰው ያን ቀን ምን በልቶ እንደዋለ እንጃ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሸራው የባለቤት ያለህ አለ፣ ነዋሪውም በመቀስ ተቀራመተው። ቤት ሊደብቅ የመጣው ሸራ ራሱ ቤት ሆነ፤ አንዱ የዶሮ ቤት አለበሰው፣ ሌላው ፍራሽ። አትክልት ሻጯ እስከ ዛሬ ድረስ ከራሷ ጉንጭ ሥር ተቀምጣ ቲማቲም ትሸጣለች።

እስቲ ልየው ይህን ሁሉ ፎቶ እያነሳች ስትዞር በልቧ አንድ ቁራጭ ትፈልግ ነበር። ብስክሌት ጠጋኝ የነበረው አባቷ ሸራው ላይ ከትከት ብሎ ሲስቅ ታትሞ ነበር፤ ዋንጫው ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤት ውስጥ ያሉት ፎቶዎቹ በሙሉ ለመታወቂያ የተነሱ ይመስላሉ። የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበር፣ ካሜራ ፊት በቆመ ቁጥር እናቷ ጎኑን ቆንጠጥ አድርጋ «አፍህን ግጠም!» ትለው ነበር፤ እሱም ይገጥማል። ሸራው ላይ ያለው ሳቅ ያመለጠው እሷ በሌለችበት ነው። አሁን ያ ሳቅ ከልጅቱ ልብ እየደበዘዘ ሄዷል፤ ይህም ያስፈራታል።

ፎቶው የሚታይ ሸራ ካላቸው ሰዎች መካከል «የብስክሌት ጠጋኙ ፊት እናንተ ጋ ይኖር ይሆን?» ያላለችው የለም። የአንዱ ክርን፣ የሌላው ጆሮ ተገኘ፤ የአባቷ ፊት ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የጫማዋ ጠፍር ተበጠሰና እያነከሰች ጫማ ሰፊው ዘንድ ደረሰች። ሽማግሌው የአባቷ የዳማ ጓደኛ ናቸው፤ ነጭ ሸራ በለበሰች ጠባብ ዳስ ውስጥ ይሠራሉ። በየቀኑ ሰላም ብላቸው ታልፋለች እንጂ ገብታ አታውቅም። ነጭ ሸራ ደግሞ ምን ይጠየቃል?

«አባባ፣ ይቺን ጫማ አንድ ይበሉልኝ።»

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ።»

በርጩማው ላይ ተቀምጣ ቀና ስትል አባቷ ከላይ ሆኖ ይስቃል። ሙሉ ፊቱ ነው፣ የወለቀው ጥርሱ ቦታ ሳይቀር። ለካ ሽማግሌው የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ አዙረውት ኖሯል። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አባባ፣ እኔ እኮ ይህን ስፈልግ እግሬ ነቃ!»

«የምታውቂ መስሎኝ! ወደ ውጭ ባደርገው ፀሐይ ያጠፋዋል ብዬ ነው። ደሞስ ለመንገደኛ ምን ያስቀዋል? ዳማ ሲያሸንፈኝ እንዲህ ነበር የሚስቅብኝ፣ ይኸው ዛሬም አልተወኝ።» ይህን ብለው ጉጠታቸውን አነሱና ሚስማሩን ሊነቅሉ ተነሱ። «የአባትሽ ነው፣ ውሰጂው።»

«ኧረ በፍጹም! ዝናቡስ?»

«ጨው አይደለሁ፣ አልሟሟ!»

እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። አባቷም ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይመርጥም ነበር። ካሜራዋን አውጥታ፣ አንገቷን ቀልብሳ፣ ጥርት አድርጋ አነሳችው። ከዚያ ለማኅደሩ እንደ ወጉ ጠየቀች፤ «አሁን ምን ይሠራል ልበል?»

ሽማግሌው ወስፌያቸውን ጠፍሩ ላይ እንደሰኩ አሰቡ። «ዝናብ ይከላከላል በይ። ሲከፋኝም ያስቀኛል።»

በማግስቱ ፎቶውን በኮምፒውተር ልታሳያት እናቷን ጠራቻት። እናት ገና ስትሰማ «ስክሪኑን ተይው፣ እሱ ያለበት ውሰጂኝ» አለች። ጫማ ሰፊው በርጩማውን በእጃቸው ጠረግ አድርገው አስቀመጧት። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ሸራው ዘረጋች፣ እንደ ልማዷ ልትቆነጥጠው።

«አፍህን ግጠም ስልህ» አለችው፣ «እንኳንም አልሰማኸኝ!»