ሩሃማ ጾሟን ይዛ የገባችበት ውድድር

ሩሃማ ዱባይ ማሪና ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። በዚያ በእገዳው ዘመን፣ ሹሞቻችን ሴት ልጅ ለሥራ ዓረብ አገር እንዳትሄድ በሩን ዘግተው ተቀምጠው ሳለ፣ እሷ እዚህ ባሕር ዋኝታ፣ ብስክሌት ጋልባ፣ በዚያው ላይ ግማሽ ማራቶን ልትሮጥ ተመዘገበች። ከልካዮቹ መጥተው ባዩልኝ! ውድድሩ ግን ዓርብ ዋለ፤ ያውም በዐቢይ ጾም። እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።

"ምን ዓይነት ግትርነት ነው?" ብዬ እኔ የሥራ ባልደረባዋ ጮህኩባት።

"ጾም ጾም ነው" አለችኝ።

ባሕሩንም ብስክሌቱንም ጨረሰች። ሩጫው እኩሌታ ላይ ጉልበቷ ከዳትና መንገድ ዳር ዘጭ አለች። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ሜዳሊያ የለም። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ በአልጋ ተከራይተው የሚኖሩባት የቢድ ስፔስ ጓደኛዋ አሰለፈች ተምር ይዛ እየሮጠች መጣች። አሰለፈች የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ በጾም ከሩሃማም ትብሳለች።

"ብዪ አንቺ!"

"አሱዬ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እኮ።"

"ያንቺን እኔ እስከ ማታ እጾምልሻለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ ዋጪ! በሜትሮ ተሸክሜሽ ልሂድ?"

ሩሃማ እየሳቀች ተምሩን ዋጠች፤ ተነሥታም ሮጠች። የውድድሩ ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን መስመር አለፈች። አሰለፈች እልልታውን አቀለጠችው። ድምጿ ሲዘጋ ውሃ ባቀርብላት፣ "ጾመኛ አትፈትን!" ብላ አባረረችኝ።