የሳጅኑ ፍሪጅ

የታሰርኩት በፍሪጅ ሞተር ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

አባባ የድሮ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ትከሻቸው ክብ፣ እጀታቸው እንደ መኪና በር ጓ ብሎ የሚዘጋ፣ ዕድሜያቸው ከእሱም የሚበልጥ ፍሪጆች ከሸዋ ሮቢትም ከአጣዬም ይመጡለታል። እኔም ከሥሩ ሆኜ ተማርኩ። ከአንድ የሞተ ፍሪጅ የነቀልነውን ሞተር የአየር መምጠጫ አድርገነዋል፤ አዲስ ጋዝ ከመሙላታችን በፊት ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት ስቦ የሚያወጣልን እሱ ነው። ያን ቀን አባባ ወገቡን ታሞ ስለተኛ ብቻዬን ጀውሃ ሄጄ የአንድ ምግብ ቤት ፍሪጅ ሠርቼ በባጃጅ እመለሳለሁ። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ጆንያዬን አስፈቱኝ። ሁለት የመዳብ ቱቦ የወጣለት ድቡልቡል ጥቁር ብረት፣ አጠገቡ የጋዝ ሲሊንደር፣ በላዩ ባለ ሁለት ዓይን የግፊት መለኪያ ጌጅ።

"ይህን ለማን ነው የምታደርሺው?" አለኝ አንዱ።

"ለአባቴ።"

"አባትሽ ጫካ ነው?"

"አልጋ ላይ ነው።"

ያሾፍኩ መሰላቸው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ስለነበርን ሹፈት የሚወድ አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ብዬም ነበር፤ ማንም አልጻፈውም።

ያስገቡን ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እየጋለ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ወለሉ ላይ የቀረው የሽንኩርት ልጣጭ በተራመድን ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሴቶቹ ስድስት ነበርን። አጠገቤ የተኙት እናት ከጀውሃ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ትልቁ ልጅሽ የት ነው ተብለው ሲጠየቁ "ባውቅስ? እናት አይደለሁም ወይ?" ስላሉ ነው የታሰሩት።

እትዬ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሴቷ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ ሦስት ብልቃጥ አምጥታላቸው "መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ ሌላ መቼ እንደማመጣ አላውቅም" ብላ ሄዳለች። ብልቃጦቹ የእስር ቤቱ ኃላፊ የነበረው ሳጅን ቢሮ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ፍሪጁ ሲሞት ግን "ውሰጂው" ተብለው ተመለሱላቸው። እሳቸውም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከውኃ መቅጃው ጣሳ ሥር ቀበሯቸው። ጨርቁ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ሲያርሱት ይውላሉ።

በሦስተኛው ቀን ቆጠራ ላይ ሳጅኑ "ያቺ ፈንጂ የያዘችው!" ብሎ ጠራኝ።

እትዬ ከተቀመጡበት፣ "የምን ፈንጂ! ፍሪጅ ጠጋኝ ናት እኮ። ወላሂ ያንተንም ታድነዋለች" አሉት።

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። ሰውየው የጣርማ በር ደገኛ ነው፤ ቆላው አንጀቱን አሳርሮታል፤ የሸሚዙ ጀርባ ደርቆ አያውቅም። "እውነት ትችያለሽ?" አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈንጂው እንደገና የፍሪጅ ሞተር ሆነ። ይህም ለቢሮው ብቻ ነው እንጂ መዝገቡ ላይስ ፈንጂ እንደሆነ ቀረ። ዕቃዎቼን ከኤግዚቢት ክፍል ሲያመጣልኝ አስፈረመኝ፤ ስመልስ አስፈረመኝ፤ መፍቻ ረስቼ ስጠይቅ ደግሞ ለመፍቻው ብቻ አስፈረመኝ።

ፍሪጁ ክሬም ቀለም ነው፤ ምናልባት በንጉሡ ጊዜ የገባ። ሞተሩ እንደ አሮጌ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሣል። ጤነኛ ሞተር! ደስ አለኝ፤ መታሰሬን ለአፍታ ረሳሁት።

"በቃ ጋዝ ሙዪልኝ" አለ ሳጅኑ።

"ቀዳዳው መጀመሪያ ይገኝ።"

"የምን ቀዳዳ? ጋዝ ነው ያለቀበት። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ አስሞልቻለሁ።"

"ሦስት ጊዜ ካስሞሉ እኮ..."

"እና አራተኛውን አንቺ ሙዪዋ!"

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፍሪጅ እንደ መኪና ነዳጅ አይጨርስም። ጋዙ ከጎደለ ወጥቷል፤ ከወጣ የወጣበት አለ። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ! ሁሉም አዎ አዎ ይሉኛል፤ ከዚያ "በይ እንግዲህ ሙዪልኝ" ይላሉ። ሳጅኑም አዎ አዎ አለኝ፤ ከዚያ "በይ ሙዪልኝ" አለ።

ቱቦው ውስጥ ትንሽ ጋዝ ለቅቄ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባሁ። ከኋላ ምንም የለም። በሩን ከፍቼ በረዶ ቤቱን ስቀባው ግን አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ጠርጌ አየሁት። ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነው።

"ይህን ማነው የወጋው?"

"ፋብሪካው ነዋ።"

"ፋብሪካ በሳንጃ አይወጋም ሳጅን።"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሳጅኑ ፊቱ ቀላ። አበቃልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በረዶው ጠርሙሴን ይዞ እምቢ ሲለኝ ምን ላድርግ? ጣርማ በር ተወልደሽ እዚህ ብትመደቢ አንቺም ትወጊው ነበር" አለኝ።

ሁለት ቱቦ ያለው፣ ተቀላቅሎ እንደ ብረት የሚደርቅ ሙጫ እንዲገዛልኝ ነገርኩት። የጫማ ማስቲሽ አመጣ። አይደለም አልኩት። የጎማ አመጣ። ወረቀት ላይ ሣልኩለት፤ በሦስተኛው አገኘው። ቦታውን በአሸዋ ወረቀት አሽቼ ለጥፌ፣ "እስከ ነገ እንዳይነካ" አልኩ። በማግሥቱ ስመጣ ሙጫው ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል።

"ደርቆ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው" አለ።

ፍቄ እንደገና ለጠፍኩ። እንደገና አንድ ቀን። ያን ቀን እትዬ ጨርቁን ማርጠብ አቅቷቸው ነበር፤ ውኃ ከረፋድ በፊት አልቆ፣ ለመጠጥ የተሰጠንን ድርሻቸውን ነበር ብልቃጡ ላይ ያፈሰሱት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እግራቸውን ዘርግተው "ልጄ፣ ሰውየው ስለአንቺ ለበላይ እጽፋለሁ ብሏል አሉ። ሲጠይቅሽ ስለራስሽ ንገሪው" አሉኝ።

"አንቱስ?"

"እኔማ አልሀምዱሊላህ፣ ኖሬያለሁ። በይ አንቺ ልጅ ነሽ፤ ስለራስሽ ንገሪው ብዬሻለሁ።"

በማግሥቱ ሙጫው ደርቆ ጠበቀኝ። መምጠጫዬን አገናኝቼ ከጠዋት እስከ ቀትር አየሩን አስወጣሁ። ሳጅኑ ቢሮው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ፣ "እርግጠኛ ነሽ አይፈነዳም?" ይለኛል። በየሩብ ሰዓቱ። ከዚያ ሲሊንደሩን ገልብጬ ጋዙን በትንሽ በትንሹ መልቀቅ ጀመርኩ። በረዶ ቤቱ ላይ ነጭ ብናኝ ሲታይ ሳጅኑ እግሩን ረስቶ ገባ። እንደ ልጅ አጨበጨበ።

"ጎበዝ! እንዳልኩት ለበላይ እጽፍልሻለሁ። ምን እንድጽፍ ትፈልጊያለሽ?"

የምለውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር። ዕድሜዬን፣ አባባን፣ ሞተሩን። አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"የአሮጊቷንም መድኃኒት ከላይ በረዶው ውስጥ እከትላታለሁ። ጭራሽ ድርቅ ይበልላት!"

"ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ይበላሻል ሳጅን። ሞተ ማለት ነው።"

"ታዲያ ቅዝቃዜ አይደል የሚፈልገው?"

እጄ ቫልቩ ላይ ነበር። ዘጋሁት። ጋዙ ገና ግማሽ ነው። ይህ ሰው የሳሙና አረፋ እያየ ፋብሪካው ነው ያለ ሰው ነው፤ "አይደርቅም" ብዬ ብነግረውም አዎ አዎ ይለኝና ያደርቀዋል። ሦስት ብልቃጥ ናት ያለችው።

"መካከለኛው መደርደሪያ የእትዬ ይሁን" አልኩ። "የሚያስቀምጡትም የሚያወጡትም ራሳቸው ይሁኑ። ሌላ ሰው አይንካው።"

"እስረኛ? ቢሮ ገብታ? ፍሪጅ ልትከፍት?" ሣቀ። "ስለራስሽ ነው የጠየቅሁሽ እኮ።"

"እኔም የምፈልገውን ነው የነገርኩዎ።"

"እንቢ ብልስ?"

"እንቢ ካሉ በግማሽ ጋዝ ይቆያል። ውኃው ለብ ይላል።"

ለብ የሚለው ቃል አንጀቱ ድረስ ገባ። ጠባቂውን አየ፣ ጠባቂው ጣሪያውን አየ። "ሙዪ" አለኝ።

ሞላሁ። ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ቱቦ ማላብ ሲጀምር ዘጋሁት። ልክ ነው። ዕቃዎቼን ፈርሜ መለስኩ።

ከመግሪብ ሶላት በፊት እትዬን ጠሯቸው። ወዲያው አልተነሡም። መጀመሪያ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ የቀሚሳቸውን የሽንኩርት ልጣጭ አራገፉ፤ ብልቃጦቹን በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። እኔም "የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ላሳያቸው" ብዬ ተከተልኩ። በሩ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" አሉ፤ በእንግድነት የመጡ ይመስል። ሳጅኑ ወንበሩ መንገዱን ስለዘጋው ተነሣና ጥግ ያዘ። እትዬ እጀታውን ይዘው "ቢስሚላህ" ብለው ሳቡት። ቅዝቃዜው ፊታቸውን ሲነካው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሳጅኑን ሁለት ጠርሙስ ወደ ታች አወረዱ፤ መደርደሪያውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሦስቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን አቆሙ። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ "ሂጂ" ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የሚል ወረቀት አላየሁም። ሞተሬን ስጠይቅ "ምርመራ ላይ ነው" ተባልኩ፤ እስከ ዛሬ ምርመራ ላይ ነው። እትዬ ከእኔ በኋላ ሁለት ወር ቆዩ። ልጃቸው እንደነገረችኝ መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ በራሳቸው እግር ነው የወጡት።

አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። አሁንም ሰው ሁሉ "ጋዝ ሙዪልኝ" ይለኛል፤ አሁንም እቃጠላለሁ። ግን ሥራ ስጨርስ በሩን እኔ አልከፍትም። እጄን እየጠረግሁ ወደ ኋላ እልና "ይክፈቱት" እላለሁ። አባባ ሥርዓት ማብዛት ነው ይለኛል። ይበለኝ። ባለቤቱ እጀታውን ይዞ ሲስብ እኔ የማየው ፍሪጁን አይደለም፤ ፊቱን ነው።