ሳይጠራ የቀረው ስም

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2021፣ ሚያዝያ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ይመስለኛል።

በስደት የምኖረው ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ፣ ዋይትሆል ነው። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ያን ጊዜ እዚያው አቅራቢያ ፒከሪንግተን የምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሚስተር ሮይ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው ጋ ነበር የምሠራው። ጆሯቸው ይከብዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላታቸው ግን ምላጭ ነው።

በወጣትነታቸው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በትውልድ ከተማቸው ሮዲዮ ጀምረዋል። ሮዲዮ ማለት ያልተገራ ፈረስና ኮርማ ላይ ወጥቶ ስምንት ሰከንድ ላለመውደቅ መታገል ነው፤ ምኑ እንደሚያስደስት እስከ ዛሬ አልገባኝም። በየዓመቱ ሲካሄድ ኖሮ በ2020 በኮሮና ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ። ሚስተር ሮይ «ታሪኩ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር» ብለው ደብተር ገዙ። እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አጥር ስላልነበራቸው የገበሬዎችን ጋሪ ዙሪያውን ደረደሩ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ኮርማ አምልጦ ሰው ሰርግ ላይ ገባ። ይህን ሲነግሩኝ እስኪያስላቸው ድረስ ይስቃሉ። እኔ ሳልስቅ እጽፋለሁ።

ሳቅ ጠልቼ አይደለም። ከዚያ ቀደም ባለው ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ እናቴ አዲስ አበባ አርፋ፣ ወንድሞቼ ሁለት ወር ደብቀውኝ ነበር። በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ከሌላ ሰው ጋር በማለዳ መጥተው መርዶውን አረዱኝ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባ እምቢ አለኝ። «ሥራ ይረፍድብኛል» ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ውስጤ ደነዘዘ። ሰው አጠገቤ ሆኖ ሲያወራኝ እንኳ ከሌላ ክፍል የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ከአራቱ የሮዲዮው መሥራቾች የቀሩት ሚስተር ሮይና ኤድ የሚባሉት ጓደኛቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ልማድ አላቸው። ከአራቱ አንዱ ሲሞት፣ በሕይወት ያለው ቀብሩ ላይ የሟቹን ስም፣ ልክ ለውድድር ወደ ሜዳው እንደሚጠራ አድርጎ ሦስት ጊዜ ይጠራለታል። «ወይ እኔ ለኤድ፣ ወይ ኤድ ለእኔ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የሚስተር ሮይ ልጅ ካረን ኮል አደረገችኝ። ኤድ ሞተዋል፣ ቀብራቸው ቅዳሜ እዚያው የትውልድ ከተማቸው ነው፤ አባቷን የሚወስዳቸው ሰው የለም። እሷ ኮሮና ይዟት ክፍሏን ዘግታ ተኝታለች። «አባቴ በስልክ አይሰማኝም፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። ቅዳሜ የኤድ ቤተሰቦች ከመቃብሩ ቦታ ሲደውሉ ስልኩን ያዢለት፣ ስሙን ይጠራል» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልነገርኳቸውም። እኛ ዘንድ ሞት እንዲህ አይነገርም። ብቻውን ለተቀመጠ ሽማግሌ፣ ያውም ልቡ ደካማ ለሆነ፣ ለቁርስ ኦትሚል እያቀረብኩ «ጓደኛህ ሞተ» ልበል? ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ በማለዳ፣ በትልቅ ሰው አፍ ነው እንጂ። ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ። «ኳራንቲን ላይ ነኝ ልጄ፣ እስከ ሰኞ አልወጣም» አሉኝ። ሰኞ ይሁን አልኩ።

ቅዳሜ ስልኩ ጠራ። ሚስተር ሮይ ሶፋ ላይ ሆነው ቲቪ ያያሉ። ወደ ኪችን ገባሁና «ዛሬ አሟቸዋል፣ መናገር አይችሉም» ብዬ ዘጋሁት። ደህና ነበሩ። ውሸቴ ምንም አልተሰማኝም፤ ምሳቸውን አሞቅኩላቸው።

ሰኞ ማለዳ ጋሼ ታደሰ ከአንድ ሰው ጋር፣ ሱፍ ለብሰው፣ ማስክ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። ሚስተር ሮይ በመስኮት አይተው «ኢንሹራንስ ሊሸጡልኝ ነው?» አሉኝ። አስገባኋቸው። ጋሼ ታደሰ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ረዘም አድርገው ጀመሩ፤ እኔ ጆሯቸው ሥር ሆኜ ጮክ ብዬ አስተረጉማለሁ። ሚስተር ሮይ አቋረጡኝ።

«ማነው የሞተው?»

«ኤድ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሳምንት ሆናቸው። ቅዳሜ ተቀበሩ።»

«ማን ጠራለት?»

«ማንም አልጠራላቸውም።»

እንዳይደነግጡ ብዬ መሆኑን፣ በእኛ አገር ደንቡ እንዲህ መሆኑን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም «የቀረችኝ ሥራ ያቺ ብቻ ነበረች» አሉ። እኔ በሩን ከፍቼ እንግዶቹን ሸኘሁ።

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። በነጋታው ደብተሩን አምጪ አሉኝና እንዲህ አስጻፉኝ፦ «2021። ኤድ ሞተ። ስሙን የሚጠራለት ሰው ነበረ። አልተነገረውም።»

«ያልነገረችው እኔ መሆኔን ልጻፍ?» አልኳቸው።

«አይ። አንቺ ሮዲዮው ውስጥ የለሽበትም» አሉኝ።

ምሕረት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አላሳቀኝም፣ አላስለቀሰኝም፤ ቀኑን ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁ።

ሚስተር ሮይ በ2022 አረፉ። ካረን የዚያኑ ሰዓት ደውላ ነገረችኝ። ከአራቱ ማንም ስላልቀረ ቀብራቸው ላይ የጠራ የለም። እዚያው ቆሜ ስማቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የኔ ድርሻ አይደለም ብዬ ተውኩት። ለወንድሞቼም ከእንግዲህ ማንም ቢሞት በዚያው ቀን ንገሩኝ ብያቸዋለሁ።

ብዙ ነገር አይሰማኝም፤ ያቺ ቅዳሜ ግን ትቆጨኛለች። አንድን ስም ሦስት ጊዜ ለመጥራት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር።